የጉራጌ ጓሮና የክፉ ቀን ስሌት

የአንድን አገር የምግብ ሥርዓት ስንመዝን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ብለን ነው። የግብርና ሪፖርት የሚጻፈው፣ በጀት የሚመደበው፣ አርሶ አደር የሚሸለመው በዚህ መለኪያ ነው። መለኪያው በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ የሚነግረን ስለ ደህና ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ከብት ሲያልቅ ወይም ጦር ሲያልፍ ቤተሰብን በሕይወት የሚያቆየው ከቀደሙት ዓመታት የተረፈው ነው። ያ ተራፊ በጎተራ፣ በጋጣ፣ በጉድጓድ ወይም በጓሮ ሊቀመጥ ይችላል። የጉራጌ ምድር ታሪክ ለዚህ ነገር ጠንካራ ማስረጃ ይሰጠናል። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ብዙ ሕዝብ በጥቂት መሬት ላይ ለዘመናት የኖረው ምግቡን ከነሕይወቱ በጓሮ አቁሞ፣ ቀሪውን በመሬት ቀብሮ እያቆየ ነው። የምከራከረውም ይህንኑ ነው፦ ጉራጌን ያኖረው እንሰት የሚባለው ተክል ብቻውን አልነበረም፤ ዕድሜያቸው የተለያየ ተክሎች በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን እንዲቆሙ ያደረገው ሥርዓት ነው። ዛሬ አደጋ ላይ የወደቀውም ይኸው የዕድሜ ቅንብር ነው።

መጀመሪያ ምድሩንና ሕዝቡን እንይ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ከ130 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ ተቀምጣለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከፍታው ከ3,700 ሜትር የሚበልጠው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ቆሟል፤ ምዕራቡ ወደ ግቤ ሸለቆ፣ ምሥራቁ ወደ ስምጥ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ምሥራቅ ጉራጌ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ቡታጅራን መቀመጫ አደረገ፤ ወልቂጤም የጉራጌ ዞን ዋና ከተማነቷን ይዛ ቀጠለች። ከመከፈሉ በፊት በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 1,279,646 ሰዎች ነበሩት፤ ስፋቱ 5,893 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 217 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ አማካይ ከ67 ብዙም አይርቅም ነበር። ይህ ቁጥር ወባና የከብት ገንዲ በሽታ ለረጅም ጊዜ ሰው እንዳይሰፍርበት ያደረጉትን የግቤ ዳር ቆላም የሚጨምር በመሆኑ፣ ደጋው ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ይጨናነቃል። ቡታጅራ በሕዝብ ጥናት ታሪክም ስም ያላት ከተማ ናት። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ሥራው የተጀመረው 28 ሺህ ገደማ ሰዎችን በመቁጠር ነበር። ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ምግብ መከራከር የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል።

አሁን ወደ ጓሮው እንግባ። የጉራጌ መንደር ቤቶች ፊታቸውን የሚያዞሩት ጀፎረ ወደሚባለው ሰፊና ሣር የለበሰ የጋራ መንገድ ነው። ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የፈረስ ግልቢያውም እዚያ ነው፤ ማንም ወደ ጀፎረው አጥሩን እንዳይገፋ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ በክስታኔ ጉራጌ የጎርደና ሴራ የሚባለው ባህላዊ ሕግ ይጠብቀዋል። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ያን የሚያህል ሜዳ ሳይታረስ መቆየቱ ራሱ ስለ ሥርዓቱ ጥንካሬ ይመሰክራል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ ይጀምራል። ለበረቱ የቀረበው ተክል ፍጉንና አመዱን ቀድሞ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ጎመን፣ ቡና፣ ራቅ ሲል ጫት፣ ዳር ላይ ባሕር ዛፍ ይከተላል። እንሰት የሚራባው በዘር አይደለም። ጠና ያለ ተክል ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣና መሐል ያለው የማደጊያ ልቡ ይነቀላል፤ ከዚያ ከፍግ ጋር ተመልሶ ይቀበራል። ከወራት በኋላ ከአንዱ ሥር አርባ፣ ስልሳ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ችግኝ ይፈነዳል። ችግኞቹ ተነጣጥለው ይተከላሉ፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ርቀታቸው እየሰፋ እንደገና ይዛወራሉ። ለመፋቅ የሚደርሱት እንደ ከፍታው በአራት፣ በስድስት ወይም በሰባት ዓመት ነው፤ በብርዳማዎቹ ጉመርና ጌታ ወረዳዎች ከዚያም ይዘገያሉ። አንድ ተክል ካበበ በኋላ ይሞታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከማበቡ በፊት ወይም ማበብ ሲጀምር ይቆርጠዋል።

የዚህ ሁሉ ውጤት በደንብ የተያዘ ጓሮ ውስጥ የአንድ ዓመት፣ የሁለት ዓመት፣ የአራት ዓመት፣ የስድስት ዓመት ተክል በየረድፉ መቆሙ ነው። የዘንድሮ ምግብ የሚሆነው የደረሰው ረድፍ ብቻ ነው፤ የቀሩት የከርሞና የከርሞ ወዲያ ቀለብ ናቸው። እህል የሚያመርት ገበሬ በአንድ ዓመት ዝናብ ላይ ይንጠለጠላል፤ የእንሰት ባለቤት ግን የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ዝናብን አማካይ ነው የሚበላው። ተክሉ በግንዱና በሥሩ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ አንድ ክረምት ቢያንስበት እድገቱ ይዘገያል እንጂ በቀላሉ አይሞትም። የአሜሪካ፣ የኢትዮጵያና የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በጋራ ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ላይ የቆሙ ከ40 እስከ 60 የእንሰት ተክሎች አምስት ወይም ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ሊመግቡ እንደሚችሉ ጽፏል። ይህ የደረሰውን ተክል ብቻ የሚመለከት ስሌት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከኋላው ተራውን የሚጠብቅ የብዙ ዓመት ተክል ካልቆመ ስሌቱ በሚቀጥለው ዓመት ይፈርሳል።

መፋቁንም በቅርብ ማየት ይገባል፤ የማቆየት ጥበቡ ግማሹ እዚያ ነው። ግንዱ ተቆርጦ ቅርፊት በቅርፊት ይላጣል። ሴቲቱ ቅርፊቱን በተጋደመ ጣውላ ላይ አስደግፋ፣ ብዙ ጊዜ ጫፉን በተረከዟ ጨቁና፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፤ በእጇ የሚቀረው ክር ቃጫ ይሆንና ለገመድና ለጆንያ ይሸጣል። ሥሩ ለብቻው ይከተከታል፤ ለጋ ሥር ከሆነ ተቀቅሎ አምቾ ሆኖ ይበላል። ከተፋቀው ሲጨመቅ የሚወርደው ነጭ ውሃ ሲረጋ ከታች የሚዘቅጠው ቡላ ነው። የቀረው በኮባ፣ ማለትም በእንሰቱ ቅጠል፣ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይከተትና ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል። እዚያ ውስጥ ይብላላል፤ በየጊዜው እየተገላበጠ ኮባው ይለወጥለታል። ከሳምንታት በኋላ ቆጮ ሆኖ ይጋገራል፤ ካልተፈለገም ለወራት፣ ሲያስፈልግ ለዓመታት ይቆያል። ነቀዝ አይገባበትም፣ አይጥ አይደርስበትም፣ ቤት ቢቃጠል አይነድም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁለት ክምችት አለው፤ አንዱ ቆሞ የሚያድግ፣ ሌላው ተቀብሮ የሚበስል።

ይህ ሥርዓት ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ የጽሑፍ ምንጮቹ ስለ ደቡቡ እምብዛም አይናገሩም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን እንሰትን አይተው ጽፈዋል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ተክሉ በጎንደር እንደሚበቅል፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ በሜጫ ግን የነዋሪው ዋና ምግብ እንደነበረ ከሥዕል ጋር አስፍሯል። ዛሬ በዚያ አካባቢ የተክሉ ዋና ጥቅም ኮባው ዳቦ መጋገሪያ መሆኑ ነው። አንድ ተክል በአንድ ስፍራ ምግብ ሆኖ ኖሮ በሌላ ዘመን እዚያው የዳቦ መጠቅለያ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ለክርክሬ ትልቅ ቦታ አለው። ተክሉ አልጠፋም፤ የጠፋው የአፈቃቀቅና የአቀባበር ዕውቀቱ፣ ፍጉን የሚያቀርበው በረትና በረድፍ የማዛወር ልማዱ ነው። ሥርዓት ሲፈርስ ተክሉ ብቻውን ሰው አይመግብም።

በጉራጌ ሥርዓቱ ጸንቶ የቆየበትን ምክንያት ከጸጥታ ታሪክ ለይቶ ማየት አይቻልም። ቤተ ጉራጌዎች እርስ በርስም ከጎረቤትም ጋር ሲዋጉ የኖሩ ናቸው፤ የአንድ ጎተራ ገብስ በአንድ ሌሊት ተጭኖ ይሄዳል። እንሰትን ግን ጦር ሊቆርጠው ይችላል እንጂ ሊሸከመው አይችልም፤ የተቀበረ ቆጮንም ፈልጎ ማውጣት ቀላል አይደለም። ክስታኔ ቀደም ብሎ ለምኒልክ ገብሮ ነበር፤ ምዕራቡ ግን በቀቤናው ሐሰን እንጃሞ መሪነት ተዋግቶ የተሸነፈው በ1880ዎቹ መባቻ በራስ ጎበና ዳጬ ዘመቻ ነው። በዚያው ሰሞን ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የከብት በሽታው፣ ድርቁና ወረርሽኙ ተደራርበው የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጁት፤ በሬ ያጣ እህል አምራች ማረስ አቃተው። እንሰት በበሬ አይታረስም፤ በመቆፈሪያና በእጅ ይለማል። የከብቱ እልቂት ደቡቡንም አላለፈውም፤ እዚያ የጎዳው ግን ፍጉንና ወተቱን እንጂ የዘንድሮውን ማሳ አልነበረም። በሬው ሲሞት ገበሬው በዚያው ዓመት የሚራብበትና በሬው ቢሞትም ምግቡ በጓሮ ቆሞ የሚቆይበት ሥርዓት ልዩነታቸው በዚያ ዓመት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ጉራጌ የተረፈው በእንሰት ሳይሆን በስደትና በንግድ ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የጉራጌ ወንዶች በጉልበት ሥራ፣ በሸክም፣ በሊስትሮ፣ በጉሊትና በሱቅ ወደ ከተማዋ ጎርፈዋል፤ መርካቶን ያለ እነሱ ማሰብ አይቻልም። የላኩትም ገንዘብ ግብር ከፍሏል፣ ከብት ገዝቷል፣ ቤት ሠርቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ወንዱ ያን ያህል ወር ከቤቱ ርቆ ሊኖር የቻለው ለምንድን ነው? የጤፍ ወይም የስንዴ ገበሬ በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከማሳው ከጠፋ ዓመቱን አጣ ማለት ነው። የእንሰት ሥራ ግን ዘመኑ ሰፊ ነው፤ ተክሉ በዚህ ወር ካልተፋቀ በሚቀጥለው ይፋቃል፣ ዘንድሮ ካልተዛወረ ለከርሞ ይዛወራል። ጓሮው ሚስቲቱን፣ ልጆቹንና አሮጊቶቹን እየመገበ ስለሚጠብቀው ሰውየው አዲስ አበባ ላይ አንድ ሙከራ ከስሮ ሌላ መሞከር ይችላል። በመስቀል ተመልሶ ክትፎውን ከቆጮ ጋር ይበላል፤ ተከላውንና ማዛወሩን አስጨርሶ ይመለሳል። ንግዱ በጓሮው ትከሻ ላይ ነው የቆመው። ቆይቶ በ1950ዎቹ ዓ.ም. እነዚሁ ነጋዴዎች በየመንገድ ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ እያዋጡ ከአለም ገና ወደ ቡታጅራና ወደ ወላይታ ሶዶ፣ በምዕራብም ወደ እምድብርና ከዚያ ወዲያ መንገድ ማስቆፈራቸው ለአገሪቱ ሁሉ ምሳሌ ሆኗል። ወልቂጤንና ቡታጅራን ዛሬ የምናውቃቸው ከተሞች ያደረጋቸው ያ መንገድና ያ ገበያ ነው።

መንግሥታት ግን ይህን ሥርዓት ለረጅም ጊዜ አላዩትም። በንጉሡ ዘመን ትልልቆቹ የእርሻ ልማት ዕቅዶች ሲጀመሩ፣ ለምሳሌ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በ1960 ዓ.ም. አካባቢ፣ ትኩረቱ ስንዴና ወተት ላይ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. በኋላ በሳሳካዋ ግሎባል 2000 ተጀምሮ አገር አቀፍ የሆነው የኤክስቴንሽን ፓኬጅም በቆሎን፣ ስንዴንና ጤፍን ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር ያዳረሰ ነበር። ስለ እንሰት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት አዲስ አበባ ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ነው፤ ያኔ እንሰትን የሚበላው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር፣ ዛሬ 20 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል ይባላል። በዚህ መካከል የ1966 ዓ.ም. እና የ1977 ዓ.ም. ረሀቦች አልፈዋል። በ1977ቱ ረሀብ ወሎና ትግራይ ሲረግፉ የእንሰቱ ደጋ ያን ዓይነት እልቂት አላየም። ከዚያ መከራ በኋላ እንኳ ለክፉ ቀን የቆመ ተክል የትኩረት ማዕከል አለመሆኑ ያሳዝናል።

ወላይታስ እንሰት ነበረው፤ ለምን በ1992 ዓ.ም. እና በ2000 ዓ.ም. ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሕፃናት በረሀብ ተጎዱ? ይህ ለእኔ አስተሳሰብ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ክርክሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በወላይታ መሬት ተቆራርሶ አንዳንዱ ቤተሰብ ከሩብ ሄክታር በታች ላይ ቀርቷል። ከብቱ በማነሱ ፍጉ ጠፋ፤ ፍግ ያጣ እንሰት ቀጠነ። በክፉ ዓመት ያልደረሰው ተክል ተቆርጦ ተበላ፤ በሚቀጥለው ክፉ ዓመት የሚቆረጥ አልነበረም። ቤተሰቡ ወደ በቆሎና ስኳር ድንች ሄደ፤ የበልግ ዝናብ ሲቀር እነሱም ቀሩ። እንሰት በቁጥር መኖሩና የዕድሜ ረድፉ ተሟልቶ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሁለት ዓመት ተክል ብቻ የሞላበት ጓሮ ከመንገድ ለሚያየው ሰው ለምለም ነው፤ ለሚኖርበት ግን ባዶ ነው።

ሌላው ወቀሳ የሚነሣው ከምግቡ ይዘት ነው። ቆጮ በስታርች የበለጸገ፣ በፕሮቲን እጅግ የደኸየ ነው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በቸሃ ጉራጌ መካከል ኖሮ በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባሕል ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም መሠረታዊ ነው፤ እሱ ራሱ በኋላ በጻፈው ጥናት ሕዝቡ ጉድጓዱ ሞልቶ እንኳ በቁጥብነት እንደሚበላና የረሀብ ሥጋት በመንፈሳዊ ሥርዓቱ ሳይቀር እንደሚንጸባረቅ ተከራክሯል። ስለ ይዘቱ የተባለው ትክክል ነው፤ በቆጮ ብቻ የሚያድግ ልጅ ይጎዳል። ሥርዓቱ ግን ቆጮን ብቻውን አስቦት አያውቅም። አይቡ፣ ቅቤው፣ ጎመኑ፣ ባቄላው፣ በበዓልም ሥጋው የሥርዓቱ አካል ናቸው፤ ላሟ ለእንሰቱ ፍግ፣ ለልጁ ወተት ትሰጣለች፣ የእንሰቱ ቅጠልም በበጋ ለላሟ መኖ ይሆናል። የግጦሽ መሬት ሲጠፋና ላም ሲቀንስ ሁለቱም በአንድ ላይ ይወድቃሉ። ቁጥብነቱን በተመለከተ ግን ከሻክ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የደረሰውን ሁሉ ዛሬ አለመብላት የሥርዓቱ የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ያለ እሱ ረድፉ አይቆምም።

የሴቶች ድካም ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ ጉዳይ አይደለም። ወንዱ ይቆፍራል፣ ይተክላል፣ ያዛውራል፤ መፋቁ፣ መከትከቱ፣ መቅበሩ፣ ማገላበጡ፣ መጋገሩ ሁሉ የሴቷ ነው። በደቦ ቢሠራም ጉልበት የሚጨርስ፣ ወገብ የሚሰብር፣ እጅ የሚቆራርጥ ሥራ ነው። ስለ ጋብቻና ስለ ሴቶች መብት በየጆካ ሸንጎ ፊት በመከራከሯ የምትታወሰው የ19ኛው ክፍለ ዘመኗ የቃቄ ወርድወት የወጣችው ከዚሁ ማኅበረሰብ ነው፤ የጉራጌን ጓሮ ስናደንቅ የማንን ክንድ እያደነቅን እንደሆነ መርሳት የለብንም። ትምህርት ቤት የገባች ወጣት ሴት ወደ መፋቂያው ጣውላ ለመመለስ ባትፈልግ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ተክሉን እንተወው የሚል መሆን የለበትም። ስንዴም በማጭድ የሚታጨድ፣ በበሬ ኮቴ የሚወቃ ነበር፤ አርሲ ኮምባይነር ሲገባ ማንም ስንዴ ይቅር አላለም። ለእንሰት መፋቂያ መሣሪያ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ማዕከሉ ሲሞከር ቆይቷል፤ ከጓሮ ጓሮ የሚዞር፣ በመንደር ወጣቶች እጅ የሚጠገን መሣሪያ ግን እስካሁን በበቂ አልተዳረሰም። ይህ የቅድሚያ ጉዳይ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

በሽታውም አለ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ገልጸውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ተገኝቶ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ማሳ አውድሟል። መድኃኒት የለውም። የታመመው ተክል ተነቅሎ መቀበር፣ ቢላዋውና መቆፈሪያው በእሳት መጽዳት አለባቸው፤ በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚጓዝበት ዋናው መንገድ መሣሪያው ነውና። አጠውልግ የዕድሜውን ረድፍ አይለይም፤ የስድስት ዓመት ልፋት በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። ዝርያ ማብዛት ለዚህ የቆየው መከላከያ ነው። በጉራጌ ጓሮ አስታራ፣ ጓርየ፣ አመራትየ፣ የሽራቅንቅየ የሚባሉና ሌሎችም ብዙ ዝርያዎች አብረው ይቆማሉ፤ አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለአምቾ፣ አንዱ ለተሰበረ አጥንት፣ አንዱ ለቃጫ ይመረጣል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ያጣችው ድሃው ሕዝቧ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ጓሮ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚጣለው በብዛት የማይሰጠው ዝርያ ነው፤ ያ የተጣለው ደግሞ በሽታውን የሚቋቋመው ሊሆን ይችላል።

ከበሽታው ይልቅ የዕድሜውን ረድፍ በፍጥነት የሚበላው ግን ጫትና ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ገባ፤ ዛሬ ከእዣ፣ ከቸሃና ከጉመር የሚወጣው አጣና የዋና ከተማዋን ሕንፃዎች ይደግፋል። ጫት በበኩሉ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ በትክክል አስልቷል። በሰባት ዓመት የሚደርስ ተክልና በዓመት ደጋግሞ ገንዘብ የሚያስገኝ ተክል ሲወዳደሩ፣ በተለይም ግማሽ ሄክታር ላይ ለቆመ ሰው፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የከተሞቹ ገበያም የራሱን ድርሻ አለው። የአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች ቆጮና ቡላ በብዛት ይፈልጋሉ፤ ዋጋው ሲወደድ ያልደረሰውን ተክል መቁረጥ ያጓጓል። ይህ ስሌት የሚዘለው አንድ ነገር ግን አለ። ጫቱን ሽጦ በቆሎ የሚገዛ ቤተሰብ ራሱን በሌላ አገር ዝናብ ላይ ጥሏል። ድርቅ ሲመጣ ለአንድ ወረዳ ብቻ ስለማይመጣ የሚገዛው እህል የሚወደደው የሚሸጠው ጫት በሚደርቅበት ዓመት ነው። በደህና ዓመት ትርፍ፣ በክፉ ዓመት እዳ ይሆናል። ገንዘብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የማረቆ በርበሬም፣ ቡናውም፣ ጫቱም ለቤተሰቡ ይጠቅማሉ። ቤተሰቡን የሚመግበው ረድፍ ተነቅሎ በእነሱ ሲተካ ግን ቤቱ መጠባበቂያውን ሸጧል።

ጉዳዩ ከጉራጌ ያለፈ ነው። የዓለም ሕዝብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ስምንት ቢሊዮን ደርሷል ተብሏል፤ ከዕፅዋት ከምናገኘው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው ከስንዴ፣ ከሩዝና ከበቆሎ ነው። በዚያው ዓመት የዩክሬን ጦርነት ሲፈነዳ የስንዴ ዋጋ ከካይሮ እስከ አዲስ አበባ ናረ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ጥናት ተቋምና የኢትዮጵያ ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት እንሰት ዛሬ ከሚለማበት ውጪ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሩዋንዳ ደጋዎች ቢስፋፋ ተጨማሪ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ሊመግብ እንደሚችል ገምተዋል። ዜናው ዓለምን ዞሯል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ግን የሜጫውን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ችግኝ በመኪና ይጓጓዛል፤ የማዛወር ልማዱ፣ የጉድጓዱ ዕውቀት፣ የላሟ ቦታና ያልደረሰውን ያለመቁረጥ ሥነ ሥርዓት ግን አብረው ካልሄዱ የሚተላለፈው ኮባ ብቻ ይሆናል። እዚሁ በምንጩ እየሳሳ ያለውን ሥርዓት ሳናቆም ሌላ አገር ላይ ልንተክለው አንችልም።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች የምለው አለኝ። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች እንሰትን ሲቆጥሩ ጠቅላላውን የተክል ብዛት ብቻ ሳይሆን በዕድሜ ረድፍ ይቁጠሩት፤ ስድስት ዓመት የሞላው ስንት ነው፣ ሦስት ዓመት የሞላው ስንት ነው የሚለው ቁጥር በየቀበሌው ካለ ረሀብ ከመምጣቱ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ይታያል። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና የምርምር ማዕከላት ከሁሉ አስቀድመው በሴቶቹ ክንድ ላይ ያለውን ሸክም የሚያቀል መፋቂያና የበሽታውን መከላከያ ለመንደሩ ያድርሱ። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የጉራጌ ተወላጆች ደግሞ አባቶቻችሁ መንገዱን በመዋጮ ሠርተዋል፤ ዛሬ በመስቀል ወደ ቤት ስትመለሱ ጓሮውን ዞራችሁ እዩት፣ የጎደለውን ረድፍ አስተክሉ፣ ለእናቶቻችሁ አንዲት ላም ግዙ።